ያልተሠራ ቤት ስለ መሸጥ

በቦሌ መንገድ፣ ደምበል በሚባለው ሕንፃ ፊት፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ጥቂት የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ አንድ ወረቀት እጁ ውስጥ ይገባለታል። ወረቀቱ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው። በላዩም ረዣዥም ሕንፃዎች፣ ከሕንፃዎቹ ሥር ለምለም ሣር፣ በሣሩም ላይ ኳስ የሚያባርሩ ልጆች ይታያሉ። ከሥዕሉ በታች የመኝታ ቤቱ ቍጥር፣ የካሬ ሜትሩ ዋጋ፣ የመጀመሪያው ክፍያና የስልክ ቍጥር ተጽፏል። ሥዕሉን ያየ ሰው ቤቱ ያለ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ቤቱ ብዙ ጊዜ የለም። ያለው መሬቱ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በመሬቱ ዙሪያ የቆመ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን ወረቀት የሰጠን ሰው ሊሸጥልን የሚፈልገው ነገር ምንድን ነው?

ጥያቄውን ያነሣነው ነገሩ ከአንባቢዎቻችን ኑሮ የራቀ ስላልሆነ ነው። መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዛቸውን ከወር ወደ ወር እየቈጠሩ የሚኖሩ ናቸው፤ የቤት ዋጋ በአንድ ጊዜ ሊከፍሉ አይችሉም፤ ጥቂት ጥቂት እያሉ በብዙ ዓመት ለመክፈል ግን ተስፋ ያደርጋሉ። ተማሪውም ነገ ይኸው ሰው ይሆናል። ያልተሠራ ቤት በተለይ የሚቀርበው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

የሌለ ነገር መሸጥ በራሱ ነውር ነው ለማለት አይቻልም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ በሌለ ሀብት የሚመካውን ሰው መንቀፋቸው ነው። ነገር ግን ያው ገበሬ እህሉ ገና ቡቃያ ሳለ ከነጋዴ ገንዘብ ተቀብሎ በመከር ጊዜ እህል ለመስጠት ይዋዋል ነበር። አናጺም ለጠረጴዛ ቀብድ ሲቀበል ጣውላውን ገና አልገዛ ይሆናል። በዚህ የሚያፍር የለም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። ይሁን እንጂ ጠረጴዛውን ያዘዘ ሰው ማታ ማታ በአናጺው ደጅ ሲያልፍ ሥራው ከምን እንደ ደረሰ ያያል፤ እግሩ ካልተገጠመም ቆሞ ይጠይቃል። ቀብዱም ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ወር ቁጠባ እንጂ የዕድሜ ልክ ጥሪት አይደለም።

ከደምበል ተነሥተን ወደ ሰሜን ጥቂት ብንራመድ ካዛንቺስ እንደርሳለን። የዚህ ሰፈር ስም ራሱ የአንድ ቤት ሠሪ ተቋም ስም ነው። በጣልያን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል ተቋም ነበር፤ በወረራውም ዘመን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዚሁ ስፍራ ቤቶች ሠራ። «ካዘ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፤ በአማርኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። በለገሃር አቅራቢያ ያለው ፖፖላሬም እንዲሁ «የሕዝብ ቤቶች» ከሚለው የጣልያንኛ ስም የመጣ ነው። የሠራው መንግሥት ተባረረ፤ ቤቱና ስሙ ግን ቀሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ የቀድሞው የካዛንቺስ መንደር ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ሄዱ፤ አሁንም ስሙ አለ። ኢንቺስ ለማንም ተስፋ አልሸጠም፤ በመንግሥቱ ገንዘብ ለገዛ ሠራተኞቹ ሠራ። የእርሱ በደል የሰውን አገር በጉልበት ይዞ መሥራቱ ነው። የዛሬው በደል ግን፣ በሚኖርበት ጊዜ፣ ከጉልበት ሳይሆን ከመተማመን ውስጥ የሚወጣ ስለ ሆነ ለማየት ያስቸግራል።

በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስተምረን የቻይና አገር ነገር ነው። የቻይና ሠራተኞች በአዲስ አበባ ምን እንደ ሠሩ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከመስቀል አደባባይ ቆመን ዐይናችንን ብናነሣ በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ድልድይ ይታየናል፤ ከእርሱ ወዲያ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ አለ። በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤትም የሠሩት እነርሱው ናቸው። እነዚህን ሁሉ የሠሩት ግን ሥራ ተቋራጭ ሆነው ነው። ሥራ ተቋራጭ በመሠረቱ ሠርቶ፣ ሥራው በመሐንዲስ ተለክቶለት፣ የተለካውን ያህል ይቀበላል፤ ቅድሚያ ክፍያ ቢወስድ እንኳ የባንክ ዋስትና አስይዞ ነው። ቤት ሻጩ ግን በተቃራኒው አስቀድሞ ይቀበላል፤ ቀጥሎ ይሠራል። በሁለቱም በኩል ሲሚንቶው አንድ ነው፣ ብረቱም አንድ ነው፤ ምናልባት ግንበኛውም አንድ ነው። የሚለየው ማን ማንን ይጠብቃል የሚለው ብቻ ነው።

ከቻይና ኩባንያዎችም ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ንግድ የገቡ አሉ። በከተማችን ምሥራቅ በኩል የመኖሪያ መንደር የሠራው ፀሐይ ሪል እስቴት መሥራቾቹ የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። በዚህ ድርጅት ላይ የምናቀርበው ክስ የለንም፤ ስሙን የጠራነው ንግዱ ከደጃችን መድረሱን ለማመልከት ነው። ልንመረምረው የሚገባን በዚያው በቻይና የሆነውን ነው።

ቤትን ሳይሠሩ የመሸጥ ልማድ በሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተስፋፋ። በዚያ አገር ቋንቋ ያልተሠራውን ቤት «የሕንፃ አበባ» ይሉታል፤ አበባው ሲቆይ ፍሬ ይሆናል ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ታላቋ ቻይና ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የከተማ ቤትና መሬት ሕግም ቤቱ ሳያልቅ መሸጥን ፈቀደ፤ ነገር ግን ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለዚያው ሥራ ብቻ እንዲውል አዘዘ። እንግዲህ በቻይና ሕግ አልጐደለም ማለት ነው። በ1996 ሹ ጂያዪን የሚባል ሰው በጓንግዡ ከተማ ኤቨርግራንድ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። መሬት በቻይና እንደ እኛ አገር የግል አይደለም፤ መኖሪያ ቤት የሚሠራበት መሬት ለ70 ዓመት በመጠቀሚያ መብት ይሰጣል። የየአውራጃው አስተዳደርም ከዚህ መብት ሽያጭ ብዙ ገቢ ያገኝ ነበር። ኩባንያው ተበድሮ መሬት ይወስዳል፤ ሥዕሉን አሳይቶ ቤቱን ይሸጣል፤ ከገዢዎች በተሰበሰበው ገንዘብ ላይ ሌላ ብድር ጨምሮ ሌላ መሬት ይወስዳል፤ እንደ ገና ይሸጣል። ተቈጣጣሪው አስተዳደር ራሱ መሬት ሻጭ ስለ ሆነ ገዢውን አጥብቆ ለመያዝ እጁ ይላላል። ኤቨርግራንድ በዚህ አኳኋን በመቶ በሚቈጠሩ ከተሞች ሠራ፤ የእግር ኳስ ቡድን ገዛ፤ የመኪና ፋብሪካም አቋቋመ።

የኋላ ኋላ ዕዳው ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መንግሥት የቤት ሠሪዎችን ብድር በሦስት መለኪያዎች ሲገድብ አዲሱ ገንዘብ ቆመ፤ አዲሱ ሲቆም አሮጌው ቃል ሊፈጸም የማይችል ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት በጂንግዴጄን ከተማ ያላለቀ ቤት የገዙ ሰዎች ሥራው ካልቀጠለ ለባንክ የምንከፍለውን እናቆማለን ብለው አስታወቁ፤ ነገሩ ከ300 በሚበልጡ የሥራ ቦታዎች ተዛመተ። እነዚህ ሰዎች ባንክ ተበድረው ዋጋውን ለኩባንያው ያስከፈሉ፣ ለሌለው ቤት ዕዳ የሚከፍሉ፣ በዚያው ወር ለሚኖሩበት ቤት ደግሞ ኪራይ የሚከፍሉ ነበሩ። አንዳንዶቹ ውሃና መብራት በሌለበት፣ መስኮት ባልተገጠመለት ሕንፃ ውስጥ ገብተው ኖሩ። ያላለቀውን ሕንፃ ሕዝቡ «የበሰበሰ ጅራት» ይለዋል። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆንግ ኮንግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኩባንያው እንዲፈርስ አዘዘ።

ይህን የመሰለ ነገር ለመረዳት የገንዘብ ሊቅ መሆን አያስፈልገንም፤ እቁብ እናውቃለንና። በእቁብ መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው ሰው የሚወስደው የሌሎቹን ገንዘብ ነው፤ የመጨረሻው ባለ ዕጣ ሁሉንም አምኖ ይጠብቃል። እንዲህ ሲታይ እቁብም ያልመጣ ነገር የሚገዛበት ማኅበር ነው። ሆኖም ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ከሁሉም በላይ እቁብ መዝጊያ አለው። ሃያ ሰው ከሆነ በሃያኛው ዙር ያልቃል፤ ማን የመጨረሻ እንደ ሆነም ይታወቃል። ኤቨርግራንድ የሠራው መዝጊያ የሌለው እቁብ ነው። የትናንቱ ገዢ ቤት በዛሬው ገዢ ገንዘብ ይሠራል፤ የዛሬው በነገው። ሁልጊዜ አዲስ ገዢ እስከ መጣ ድረስ የመጨረሻው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ አዲስ ገዢ በታጣ ቀን ግን የመጨረሻዎቹ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ብናነሣ አንባቢ ይቅርታ ያደርግልን ዘንድ እንለምናለን። በአማርኛ ገና ያልመጣ ሰው «መጣሁ» ይላል። የሻይ ቤት አስተናጋጅ ጀርባውን አዙሮ እየሄደ «መጣሁ» ይለናል፤ እኛም አንከፋም፤ ልቡ መምጣቱን እንጂ እግሩ መምጣቱን እንዳልነገረን እናውቃለንና። ወደፊት የሚሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መናገር በወዳጆች መካከል የትሕትናና የማጽናናት መንገድ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ግን «ሠራሁ» እና «እሠራለሁ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። የቻይና የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ የኤቨርግራንድ ዋና ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 ሒሳቡ ውስጥ ገቢን ጊዜው ሳይደርስ አስቀድሞ በመመዝገብ 560 ቢሊዮን ዩዋን የሚያህል ገንዘብ ከልክ በላይ ጽፏል። ያልተፈጸመውን ሽያጭ እንደ ተፈጸመ ቈጠረው ማለት ነው። «መጣሁ» የሚለው ቃል ከሻይ ቤት ወጥቶ መዝገብ ውስጥ ገባ።

በእኛም አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከሁለት ሺህ የሚበልጡ የአክሰስ ሪል እስቴት ቤት ገዢዎች ገንዘብ ከፍለው ቤታቸውን ሳያዩ ለዓመታት የጠበቁበት፣ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ የተነገረለት ጕዳይ የሚታወስ ነው። እኛ ግን አሁን የምናስታውሰው አንድ ጡረተኛ መምህር ነው፤ ገንዘባቸውን የሰጡት ለሌላ፣ ስሙን ለማንጠራው ድርጅት ነበር። ውሉ ቤቱ በሁለት ዓመት ያልቃል ይል ነበር፤ ስምንት ዓመት አለፈ። እኒህ ሰው ስለ ገንዘባቸው ሲናገሩ ድምፃቸው አይለወጥም። የሚለወጠው ስለ ሁለት ነገር ሲያወሩ ነው። አንደኛው፣ ወደ ቢሮው በሄዱ ቍጥር በአክብሮት መቀበላቸው ነው፤ ቡና ይቀርብላቸዋል፤ አንዲት ልጅ «አባባ፣ በቅርቡ ነው» ትላቸዋለች፤ በመጨረሻ የገዛ ገንዘባቸውን ለመጠየቅ እርሳቸው ማፈር ጀመሩ። ሁለተኛው ስለ ልጃቸው ነው። ውሉ በተፈረመ ሰሞን ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ልጅቱ የጧት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል መርጣ ነበር። አሁን አግብታ ሄዳለች። ቤቱ ነገ ቢያልቅ እንኳ ያንን ክፍል የመረጠችው ልጅ የለችም።

ውሉ ስለ መዘግየት መቀጮ ይናገራል፤ በመቶ ይህን ያህል ይላል። ነገር ግን በዘገየ ቤት የሚወሰደው ዕድሜ ነው፤ ዕድሜ ደግሞ በመቶ ተሰልቶ አይመለስም። ስለዚህ ያልተሠራ ቤት የሚሸጥ ሰው ዕቃ ሸጠ ሊባል አይገባውም፤ የሸጠው ቃሉን ነው። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 2876 ገና ያልተሠራን ቤት ለማስረከብ የሚደረግ ውል በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ስለሚደረግ የሥራ ውል በተጻፉት ድንጋጌዎች እንዲገዛ አዟል። ሕግ አውጪው ከስድሳ ዓመታት በፊት ወረቀቱን አይቶ «ይህ ሽያጭ አይደለም፤ የሥራ ውል ነው» ያለ ያህል ነው። እንግዲያውስ ቤቱ እስኪቆም ድረስ በሻጩ እጅ ያለው ገንዘብ ትርፉም ሀብቱም አይደለም፤ አደራ ነው። በዕዳና በአደራ መካከል ያለውን ልዩነት አማርኛ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ባለ ዕዳ የሚለው ስም ሰውን ያሳዝናል፤ አደራ በላ የሚለው ግን ያዋርዳል።

ከዚህ ላይ ቤት ሠሪዎች የሚያቀርቡት መልስ አለ፤ መስማትም ይገባናል። ሲሚንቶ ይወደዳል፤ ብረት ይጠፋል፤ የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው ናረ። አስቀድሞ መሰብሰብ ቢከለከል ደግሞ ቤት የሚሠራው ባለጸጋ ብቻ፣ የሚገዛውም ባለጸጋ ብቻ ይሆናል፤ መምህሩ ከነጭራሹ ተስፋ አይኖረውም ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ገዢዎችም ሁሉ እንደ እኒያ መምህር አይደሉም፤ ሊኖሩበት ሳይሆን ወረቀቱን በትርፍ ለሌላ ለማሻገር ሦስትና አራት ቤት የሚዋዋሉ አሉ፤ እነርሱም በሥዕል የሚነግዱ ናቸውና ሥዕሉ ሲደበዝዝ ጩኸታቸውን በግማሽ ልብ ብንሰማ ሊፈረድብን አይገባም።

ይሁን እንጂ አለመቻልና መክዳት አንድ አይደሉም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር እጅግ የከበደ ነው፤ ዛሬ ከነጋዴ ይህን ያህል የሚጠብቅ የለም። ዋጋ ንሮበት ሥራው የቆመበት ሰው ገዢዎቹን ሰብስቦ «ገንዘባችሁ ይህን ያህል ነበር፤ ይህን ያህሉ በመሬቱ ላይ ነው፤ ይህን ያህሉ ቀርቷል፤ ከዚህ ወዲያ አልቻልሁም» ቢል፣ ቢሰደብም አደራ በላ አይደለም። በደሉ የሚጀምረው ባልቻለበት ቀን አይደለም ብለን እናምናለን፤ እንደማይችል አውቆ ሌላ ሥዕል ባሳተመበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመጣው ገዢ የሚከፍለው ለቤት ሳይሆን ለዝምታ ነው። በኤቨርግራንድ ነገርም ፍርድ ቤቱ ኩባንያውን ያፈረሰበትን ቀን ከማወቅ ይልቅ ያቺን ቀን ማወቅ በበለጠን ነበር፤ እርሷ ግን በማንም መዝገብ አትጻፍም።

የቻይና ነገር የሚያሳየው፣ ገንዘቡ ለዚያው ሥራ ብቻ ይዋል የሚል ሕግ መጻፉ ብቻውን እንዳልበቃ ነው፤ ሒሳቡን የሚያየው ሰው ከሻጩ ሌላ፣ ከመሬት ሽያጩም ጥቅም የሌለው መሆን ነበረበት። በአገራችን በ2017 ዓ.ም. ስለ ሪል እስቴት ልማት አዋጅ ወጥቷል፤ በዚያው ዓመትም የውጭ አገር ሰዎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበት ሕግ ጸድቋል። ስለዚህ ወደፊት የሚመጣው ሻጭ ከጓንግዡም ይሁን ከዱባይ ወይም ከዚሁ ከቂርቆስ፣ ገንዘቡ በአንድ በተዘጋ ሒሳብ እንዲቀመጥና በቆመው ግድግዳ ልክ ብቻ እንዲለቀቅ ማድረግ ይህን ከሚያነቡት ሹማምንት የአንዳንዶቹ የዕለት ሥራ ይሆናል። ለሥራ ተቋራጩ የሚበቃ መሐንዲስና የባንክ ዋስትና ለቤት ሻጩ ስለ ምን እንደሚበዛበት ማንም አስረድቶን አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት በደምበል በኩል ስናልፍ ወረቀት የሚያድለውን ወጣት ቆመን አነጋገርነው። «ጋሼ፣ ቤት ፈልገዋል?» አለን። ሕንፃው ከምን ደረሰ ብንለው «አለቀ ይበሉት» አለ። አንተስ ገዛህ ወይ ብንለው ሣቀ፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በኪራይ እንደሚኖር ነገረን። ደመወዙ ጥቂት ሆኖ ዋናው ገቢው ኮሚሽን ነው፤ ኮሚሽኑም የሚከፈለው ገዢው የመጀመሪያውን ክፍያ ባስገባ ቀን ነው እንጂ ቤቱ በሚያልቅበት ቀን አይደለም። ቤቱ በሚያልቅበት ቀን የሚከፈለው ሰው አለ ወይ ብለን ብንጠይቀው ጥቂት አሰበና እንደማያውቅ ነገረን፤ ከዚያም ከታክሲ የወረዱ ሰዎች ሲመጡ አይቶ ወረቀቶቹን ይዞ ወደ እነርሱ ሄደ።